በዶሃ በኩል

የሙሉሐረግ ቪዛ የመጣ ዕለት ከጎረቤቱ ሁሉ እልል ያላለችው ራሷ ሙሉሐረግ ብቻ ነበረች። ደስታ ሲመጣላት በር ላይ አቁማ «ከኋላህ ማን አለ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። ልጇ ሉሊት ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ሩቅ ነው ብላ አለቀሰች። ሉሊት አግብታ አውስትራሊያ የሄደች ጊዜ ደግሞ ይኼኛው የባሰ ሩቅ ነው ብላ አለቀሰች። ባሏ በላይ «አንቺ እኮ ሰው ሳይሞት ድንኳን የምትተክይ ሴት ነሽ» እያለ ይስቅባታል። እሷም አትቀየመውም። አስቀድማ ካልፈራች የተዘናጋች ይመስላታል፤ መዓት ደግሞ የሚመጣው በተዘናጋ ሰው ላይ ነው ብላ ታምናለች።

ቪዛው የአውስትራሊያ ነው። ሉሊት ሜልቦርን በምትባል ከተማ የበኩር ልጇን አርግዛ ወሯ ሊገባ ነው። በአገሩ ደንብ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት ትወልዳለች፤ መምጣት ካልቻለች እናት ሄዳ ታርሳታለች። ገንፎውን የምታገነፋ፣ ወገቧን የምታሽ፣ ሕፃኑን አጥባ የምትጠቀልል እናት ናት። ስለዚህ በመሄዱ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ የመጣው በየት በኩል በሚለው ላይ ነው።

የሉሊት ባል ይሄነው በቴሌግራም ድምፅ ላከ። «እማዬ፣ ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ቀጥታ የሚመጣ አውሮፕላን የለም» አለ በዚያ ረጋ ባለ አነጋገሩ። «የግድ አንድ ቦታ ወርደው ሌላ መሳፈር አለብዎት። ወይ በዶሃ፣ ወይ በዱባይ፣ ወይ በባንኮክ ነው። እኔን የዶሃው ይሻለኛል፤ ግን ይምረጡ። ያልመረጡትን እንደማይሳፈሩ ሉሊት ነግራኛለች።»

ሙሉሐረግ ድምፁን ደጋግማ ሰማችው። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ናት፤ ተማሪ ሳለች ጂኦግራፊ ትወድ ነበር፣ የባሕሮችን ስም ዛሬም በቃሏ ትላቸዋለች። መካነ ሰላም ውስጥ ግን የዓረብ አገር ከተማ የሚታወቀው በካርታ አይደለም፤ በሄደችበት ልጅ ነው። ጅዳ ማለት የፈንታዬ ልጅ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት የሠራችበት ነው። ዱባይ ማለት የታችኛው ሰፈር ልጅ እጇ ተሰብሮ የተመለሰችበት ነው። ዶሃ ማለት ደግሞ ዘሊካ ናት።

ዘሊካ የሀጀራ ልጅ ናት። ሀጀራና ሙሉሐረግ በአንድ አጥር የሚለዩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው በአጥሩ ቀዳዳ እየተሽሎከለኩ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየበሉ ነው ያደጉት። ሉሊት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዘሊካ ሰው ቤት ልትሠራ ኳታር ሄደች። ከአውሮፕላን እንደወረደች አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ፓስፖርቷን ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ድምጿ ጠፋ። ዓመት ያህል ጠፋ። ሀጀራ ስልኳን በጡቷና በቀሚሷ መካከል ሸጉጣ ትውል ነበር፤ ሙሉሐረግም ሥራዋን እየጣለች ከጎኗ ተቀምጣ አብራ ጠብቃለች።

በመጨረሻ ዘሊካ ደወለች። ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፣ ወረቀቴም ተስተካክሏል፣ አሁን ኤርፖርት ውስጥ የጽዳት ሥራ ይዣለሁ አለች። ሰፈሩ እስላም ክርስቲያኑ አልሃምዱሊላህ አለ። ግን ብዙም ሳይቆይ የድቡ ወሬ መጣ።

«ልጄ ምን አለችኝ መሰላችሁ» አለች ሀጀራ አንድ ቀን ከት ብላ እየሳቀች። «እኔ በማጸዳው አዳራሽ ውስጥ ቢጫ ድብ ተቀምጧል አለችኝ። ቤት ያክላል አለች። ከጭንቅላቱ ላይ ደግሞ መብራት በቅሎለታል አለች!»

ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት ሳቁ። ሀጀራ ስትወጣ ሳቁ ቆመ። ከዓረብ አገር አእምሯቸው ተነክቶ የተመለሱ ልጆችን ይህ አገር አይቷል፤ ቆመው ከግድግዳ ጋር የሚያወሩ፣ ልብሳቸውን የሚያወልቁ። ፈንታዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያረቢ፣ ልጅቷን ነካክቷታል» አለች። ፎቶ ላኪ እንዳይሏት የሥራ ቦታ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ብላለች፤ የሀጀራም ስልክ ከመደወል ሌላ የማያውቅ የቁልፍ ስልክ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሉሐረግ በወር በወሩ ማርያም ስትሳለም ሉሊትን ካነሳች በኋላ ዘሊካንም ታነሳለች። ለሀጀራ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

እንግዲህ ይህን የምታውቅ እናት ናት ዶሃ ወርደሽ ተሳፈሪ የተባለችው።

«በዓረብ አገር በኩል አልሄድም» ብላ ለይሄነው ድምፅ ላከች። «በባንኮክ አድርገው።»

በላይ ከደጅ ሆኖ ሰማት። «ባንኮክ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ታይላንድ።»

«ስሙን አላልኩሽም። ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን ከዚያ ተጎድቶ የተመለሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

«እሱማ የሄደ ሰው ስለሌለ ነው!» አለና በላይ እየሳቀ በሬዎቹን ይዞ ወጣ።

መንገዱ ክፍት መሆኑ በተወራበት ቀን ሙሉሐረግ ደሴ ወረደች። አቀስታ ላይ ብርዱ በመስኮት እየገባ፣ በኩታዋ ተጠቅልላ፣ ሚኒባሱ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ የሚገለበጥበትን ገደል ዐይኗ እየመረጠ ሄደች። ሚኒባሱ አልተገለበጠም። ይሄነው የነገራት ትኬት ቆራጭ ፋሩቅ ፒያሳ ፎቅ ላይ ጠባብ ቢሮ አለው። ወጣት ነው፤ ቅንድቡ የገጠመ፣ አንደበቱ ለስላሳ።

«ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ። ባንኮክ ነው አሉኝ የመረጡት?»

«ባንኮክ ነው። ምነው፣ ችግር አለው? ነገረኝ፣ አትደብቀኝ።»

«ችግር እንኳ አይባልም። ይኸውልዎት» አለና ኮምፒውተሩን ወደሷ አዞረ። «ይሄነው ያገኘው የባንኮኩ፣ አንድ ትኬት አይደለም። ሁለት የማይተዋወቁ አየር መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ጥሎዎት ይሄዳል፤ የማንም ጥፋት አይደለም ይላሉ። ሻንጣዎንም ባንኮክ ላይ ራስዎ ተቀብለው፣ ከዚያ ወጥተው፣ እንደገና ሌላው ጋ ሄደው ማስረከብ አለብዎት።»

«ወጥቼ? አገሩ ውስጥ?»

«አገሩ ውስጥ።»

ሙሉሐረግ ተነፈሰች። ያልታወቀ አገር ይሻላል ያለችው ከሚኒባሱ ገደል ጋር አንድ ላይ ከፊቷ ተደቀነባት። «የዶሃውስ?»

«የዶሃው አንድ ትኬት ነው። ሻንጣዎ ቦሌ ላይ ከእጅዎ ከወጣ ሜልቦርን ነው የሚያገኙት። የመጀመሪያው ቢዘገይ ራሳቸው ናቸው በሚቀጥለው የሚያሳፍሩዎት። እርስዎ ከሕንጻው አይወጡም። አገሩ ውስጥ አልገቡም ማለት ነው።»

«ወርጄ፣ እንዴት አልገባሁም?»

ፋሩቅ አሰበ። «ዛሬ አቀስታ መናኸሪያ አልቆማችሁም?»

«ቆመናል።»

«እና አቀስታ ገባሁ ይላሉ? መናኸሪያ ነው እትዬ። መኪና መቀየር ነው።»

«ልጄ፣ ሰው የሚሰረቀው እኮ መናኸሪያ ላይ ነው።»

ፋሩቅ ሳቁን ዋጥ አደረገ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። «ፓስፖርቴን ማን ነው የሚይዘው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«ያሳያሉ። አይተው ይመልሱልዎታል።»

«ዘሊካም የሚመልሱላት መስሏት ነበር የሰጠቻቸው።»

«ዘሊካ ማናት?»

ሙሉሐረግ ኩታዋን ሰብስባ ብድግ አለች። ፋሩቅም አልገፋም፤ «አብሽሪ እትዬ» ብሎ ሳያስበው እንደ እናቱ አንቺ አላት። «የዶሃውን ቦታ እስከ ነገ ወዲያ ይዤልሽ እቆያለሁ። ሄደሽ ተመካከሪ።»

ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ ሰው አውሮፕላን የሁሉም አውሮፕላን ነው። አንዱ በዱባይ ይሻላል፣ ሱቁ ያምራል ይላል። አንዱ አውሮፕላን ባሕር ላይ እንዳይሄድ ጠይቂ ይላል። ፈንታዬ ደግሞ በጅዳ ቢሆን ልጄ መጥታ ባየችሽ ነበር ብላ ቅር አላት። አንድ ቃል ያልተናገረችው ሀጀራ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሙሉሐረግ ለገንፎው የሚሆነውን ገብስ እየለቀመች ሳለ፣ ሀጀራ በአጥሩ በር ገባች። ከጎኗ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ሰፌዱንም አንድ ጫፉን ያዘችና አብራት ትለቅም ጀመር።

«ዶሃን አልፈልግም አልሽ አሉ» አለች ቀና ሳትል።

«ማን አለሽ?»

«ያላለኝ ማን አለ?»

ሙሉሐረግ ገብሱን በጣቷ ገለበጠች። «እንዲያው ፈርቼ ነው ሀጀራ። እኔን ታውቂኝ የለ፣ ሁሉንም እፈራለሁ።»

«በኔ ልጅ ምክንያት ነው።»

ሙሉሐረግ የለቀመችውን ገብስ እንደገና ትለቅም ጀመር።

«ሙልዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እምቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም» አለች ሀጀራ። «ልጄ ደህና ነኝ ትለኛለች። ያኔ ስትጠፋም በፊት ደህና ነኝ እያለችኝ ነበር የጠፋችው። ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ያያት ሰው የለኝም። አንድ ዐይን እንዲያያት እፈልጋለሁ። የማምነው ዐይን። አንቺ በዚያ ልታልፊ ትችያለሽ ብዬ ስነግራት የሥራ ሰዓቴን አቀያይሬ መጥቼ አሳፍራታለሁ ብላኛለች።»

«የት ትጠብቀኛለች?»

ሀጀራ አንዲት ጠጠር ከገብሱ መሐል አነሳችና ወረወረቻት። «ድቡ ሥር።»

ከአጥሩ ማዶ የሀጀራ ዶሮ ጮኸች።

«ስወጣ ሳቃችሁ እንደሚቆም አውቃለሁ» አለች ሀጀራ በዝግታ። «ምን እንደምትሉም አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለምን የማወራው ይመስልሻል? ስቄ ካወራሁት ቀልድ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሙሉሐረግ እንባዋ መጣ። ስለራሷ ፍርሃት ያለቀሰችው ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ይኼን ያህል ጊዜ እፎይ ያለች የመሰለቻት ጎረቤቷ ከእሷ የበለጠ ስትፈራ ኖራለች። ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ሀጀራ ፊት ለይሄነው ተናገረች፤ «በዶሃ አድርገው። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ቁረጠው።»

ልትሄድ ሰሞን ያደረገችው ዝግጅት የአንድ ሰፈር ዝግጅት ነበር። ቅቤ አይገባም ስለተባለ ለሉሊት ያነጠረችውን ቅቤ ለሀጀራ ሰጠች። ሀጀራ ደግሞ ለዘሊካ ዳቦ ቆሎ ሠርታ በትንሽ ከረጢት ቋጥራ አመጣች። ሙሉሐረግ ከሁሉ በፊት የሠራችው ግን ፓስፖርቱን ነው። በላስቲክ ጠቅልላ በመቀነቷ እጥፋት ውስጥ ከታ፣ በወፍራም ክር ዙሪያውን ሰፋችው። በላይ አያት።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ለማሳየት የሚያዝ ነው። ጥይት አደረግሽው?»

«ቀላል ካደረግሁት ነው የሚወስዱብኝ።»

የመለያያቸው ቀን ሀጀራ መኪናው ድረስ ሸኘቻት። እጇን ይዛ አልለቅ አለች። «ካየሻት እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ልታጽናኚኝ ብለሽ እንዳትዋሺኝ። በማርያም በይኝ።»

«በማርያም» አለች ሙሉሐረግ።

ቦሌ ላይ የመጀመሪያው መኮንን እጁን ሲዘረጋ ሙሉሐረግ ወደ ጎን ዞር ብላ መቀነቷን ፈታች። ክሩን በጣቷ ሞከረች፣ እምቢ አላት፤ በጥርሷ ያዘችው። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ቆመ። መኮንኑ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ሲገባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እማማ፣ ማን ሊወስድብዎት ነው?»

«አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አታውቅም» አለችው በጥርሷና በክሩ መካከል።

ማህተሙን መትቶ መለሰላት። መልሳ የምትሰፋበት መርፌ ሻንጣዋ ውስጥ ሄዷል። ስለዚህ ከጡቷ ሥር ሸጎጠችው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ዐይኗን ጨፈነች፣ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረሰች፣ ዐይኗን ስትገልጥ ደመና ከበታቿ ነበር፤ ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ ተኝታለች። አልወደቁም። ሙሉሐረግ ባለመውደቃቸው ትንሽ ግራ ገባት።

ዶሃ ሲያርፉ ይሄነው እንደ መዝሙር ያስጠናትን በአፏ እየደገመች ወረደች፤ «መውጫ የሚለውን አልከተልም፣ ትራንስፈር የሚለውን እከተላለሁ።» ጽሑፉን ባየችው ቁጥር ቆማ እንደገና ፊደል በፊደል ታነባለች። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተረፈላት እንግሊዝኛ ሁሉ ያን ቀን ሥራ አገኘ። ፍተሻውን አለፈች። ማንም እጇን አልያዘም። ማንም ስሟን አልጠራም። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በራሱ ጉዳይ ይጣደፋል፤ ይሄ ራሱ አስፈራት።

በተንቀሳቃሹ ደረጃ ስትሄድ መጀመሪያ ያየችው ጆሮውን ነው።

ቢጫ ጆሮ። ከሰው ራስ ሁሉ በላይ። ደረጃው ሲያመጣት ሁለተኛው ጆሮ ተከተለ፣ ቀጥሎ ትልቅ ክብ ፊት፣ ቀጥሎ እንደተኮፈሰ ሕፃን ሁለት እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ፣ ቤት የሚያክል የድብ ሐውልት። ከጭንቅላቱ ላይ ከነአምፖሉ ጥቁር መብራት ተተክሎበታል።

ሙሉሐረግ ቆመች። ሰው ከኋላ ገፋት፣ አልተሰማትም። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ልጅ!» አለች ለብቻዋ። «አንቺ ልጅ፣ እውነትሽን ነው!»

ከዚያ ከድቡ እግር ሥር ሄዳ ቆመች። ዘሊካ የለችም። ድቡ አለ፣ ዘሊካ የለችም። ሙሉሐረግ የለመደችው ነገር ወዲያው መጣላት፤ ተባራ ይሆናል፣ ታማ ይሆናል፣ ያች ዓመት እንደገና ጀምራ ይሆናል። የዳቦ ቆሎውን ከረጢት ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ይህን ሁሉ ገና አስባ ሳትጨርስ ከኋላዋ አንድ ድምፅ «እትዬ ሙሉ!» ብሎ አዳራሹን አደበላለቀው።

ግራጫ የሥራ ልብስ የለበሰች፣ ራሷን በጥቁር ሻርፕ የጠቀለለች ሴት እየሮጠች መጣች። ሙሉሐረግ ያወቀቻት በአሯሯጧ ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ ስትሽሎከለክ የነበረው አሯሯጥ። ተቃቀፉ። ሲያለቅሱ የሚያልፈው ሰው ዞሮ አያያቸውም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ተቃቅፎ ማልቀሱ አዲስ አይደለም።

ሙሉሐረግ ግን በማርያም ብላለች። ልጅቷን በክንዷ ርቀት አቁማ ታያት ጀመር። እጆቿን ገልብጣ አየች፣ ጠባሳ ፈለገች። ዐይኗን አየች።

«የአባትሽ በቅሎ ስሟ ማን ነበር?»

«ዳማዬ። ምነው?»

«እኛ ቤት በር ላይ ያለው ዛፍ ምንድን ነው?»

«ወይራ ነው፤ ካልቆረጣችሁት» አለችና ዘሊካ ዐይኗን አጠበበች። «እትዬ ሙሉ፣ አብጄ እንደሆነ ልትፈትኑኝ ነው?»

ሙሉሐረግ ዐይኗ ሳታውቀው ወደ ድቡ ሄደ። ዘሊካ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ድቡን አየች፤ ነገሩ ሲገባት ጉልበቷን ይዛ እስክትጎነበስ ሳቀች። «በድቡ ነው! ወላሂ በድቡ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት እብድ ነበርኩ ማለት ነው?»

«ማን ያምናል ልጄ፣ ራሱ ላይ መብራት ያለው ድብ!»

«ጥሩ ነዋ የእኔ ድብ! በየቀኑ እኮ ነው እግሩን የምወለውለው።» እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አልለየም። «እናቴም እንደሱ ታስብ ነበር?»

«ደውይላት» አለች ሙሉሐረግ። «አሁኑኑ ደውይላት። እኔ ነኝ የማወራት።»

ስልኩ መካነ ሰላም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ተነሳ። ሀጀራ «ሄሎ» አላለችም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ነበር። ሙሉሐረግ በመንገድ ላይ ልትላት ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ሰላምታው፣ ልጅሽን አገኘኋት የሚለው፣ አይዞሽ የሚለው። ሁሉም ጠፋት።

«ሀጀራ! ድቡ አለ!»

«ምን አልሽ?»

«ድቡ አለ ነው የምልሽ! ቢጫ ነው! ቤት ያክላል፣ ኧረ ከቤት ይበልጣል! መብራቱም አለ። ከሥሩ ቆሜያለሁ፣ እግሩን በእጄ ይዤዋለሁ!»

ከወዲያ በኩል አንድ ሙሉሐረግ ከሀጀራ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ መጣ፤ ለረጅም ጊዜ ተሸክመው የኖሩትን እንስራ ሲያወርዱ የሚወጣ ትንፋሽ ዓይነት። «ልጄስ?» አለች በመጨረሻ።

«ልጅሽማ ወፍራለች። እጇ ደህና ነው። የበቅሎዋን ስም አልረሳችም። አሁን ራሱ ትስቅብኛለች፣ ስሚያት። በማርያም ነው የምልሽ ሀጀራ፣ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም።»

እናትና ልጅ ሲያወሩ ሙሉሐረግ ድቡ እግር ላይ ተደግፋ ተቀመጠች።

ዘሊካ በእጇ ይዛ እስከ በሩ አደረሰቻት። በመንገድ ላይ የዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመች መጸዳጃ ቤቱን፣ የሚጠጣ ውሃ ያለበትን፣ እሷ የምታጸዳውን ወለል እንደ ቤቷ አሳየቻት። «ከዚህ እስከዚያ ድረስ የኔ ነው» አለች። ስለዚያች ስለጠፋችበት ዓመት ሙሉሐረግ አልጠየቀችም፤ ዘሊካም አልነገረቻትም። አንድ ጊዜ ብቻ ሲሄዱ ዘሊካ እጇን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው።

በሩ ላይ ሰልፉ ደረሳት። ከመደርደሪያው ኋላ የቆመች ወጣት ሴት እጇን ዘረጋች። «ፓስፖርት።»

ሙሉሐረግ ከጡቷ ሥር አወጣችው፤ ግን በሁለት እጇ እንደያዘችው ቀረች። የተዘረጋውን እጅ አየች። ይሄ ነው። ከዚህ ነው ሁሉ የሚጀምረው። ወደ ዘሊካ ዞረች፤ ዘሊካም የምታስበውን ከፊቷ ላይ አነበበችው። ልጅቷ ለአፍታ ሳቋ ጠፋ።

«ስጧት እትዬ ሙሉ» አለች በዝግታ። «ይቺኛዋ ትመልሳለች። እኔ እዚሁ ቆሜያለሁ።»

ሰጠቻት። ሴትዮዋ ገለጠችው፣ ፎቶውን አየች፣ እሷን አየች፣ አንድ ነገር ጫን አደረገችና መለሰችላት። ፈገግም አለችላት። ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም። ሙሉሐረግ ፓስፖርቱን ተቀብላ ገልጣ አየችው፤ የራሷ ነው፣ ፊቷ አለ። ከበሩ ወዲያ ሆና ስትዞር ዘሊካ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ እያወዛወዘች ነበር። «አልሃምዱሊላህ» አለች ሙሉሐረግ፤ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በጣቷ እየነካች።

እስከ ሜልቦርን ያለውን መንገድ አታውቀውም፤ ተኝታ ነበር። ምግብ አምጥተው ቢቀሰቅሷት እንኳ አልሰማችም።

ሉሊት የወለደችው እናቷ ከገባች በኋላ፣ ገንፎው ዱቄቱ ተነፍቶ ሲጠብቅ ነው፤ ወንድ ልጅ፣ ጆሮው ተለቅ ያለ። ሙሉሐረግ ጣቶቹን ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች፣ ሙሉ መሆናቸውን አምና ተቀበለች። አንድ ቀን ሕፃኑን በጭኗ ይዛ ሳለ ይሄነው ስልኩን ከፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ የመመለሻውን ከአሁኑ ብንይዘው ይሻላል። በየት በኩል ይሁን? አሁን ደግሞ በሲንጋፖር በኩል ጥሩ አንድ ትኬት አግኝቻለሁ።»

«ይሄ ምን ጥያቄ ነው?» አለች ሙሉሐረግ። «ድቡ ባለበት በኩል ነዋ።»

ይሄነው እየሳቀ መጻፍ ጀመረ። እሷ ግን ሕፃኑን እያወዛወዘች ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄነው» አለች። «እስከዚያ ድረስ ድቡን አንስተውት ቢሆንስ?»